ባሕር ዛፍ የየትኛው ባሕር ዛፍ ነው?

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉም "ባሕር" ነው። "እሱንማ እናውቀዋለን" ብላችሁ ገጹን እንዳትዘጉብን። እኛም የምናውቀው ይመስለን ነበር፣ አምበር ላይ ጎማ እስኪተነፍስብን ድረስ።

አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ፣ ደጀንን ያለፈ መንገደኛ ደብረ ማርቆስ ከመግባቱ በፊት ያገኛታል። አብዛኛው ሰው ግን በመስኮት አይቷት ነው የሚያልፈው። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እኛም እንደዚያው ልናልፋት ነበር። ሹፌራችን ክሪክና ጎሚስታ ፍለጋ ሲሯሯጥ እኛ መንገድ ዳር በተከመረ አጣና ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። የአጣናው ባለቤት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገዢ ይጠብቃሉ። "ተቀመጡ ልጆቼ፣ እሱ አይሰበርም" አሉን።

ከመካከላችን አንዱ ስለ አገር በቀል ዛፎች ያነበበው አላስቀምጥ ብሎታል። "አባባ፣ ይሄ ባሕር ዛፍ እኮ መጤ ነው። መሬቱን ያደርቃል ይባላል" አላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎ አጣናውን አዩት። "ማ? ይኼ? እኔ ስወለድ እዚህ ቆሞ ነው የጠበቀኝ። መጤስ እኔ ነኝ" አሉ።

ሳቅን። ነገሩን ለማስቀየስ ይመስላል ሌላኛችን፣ "ለመሆኑ ለምን ባሕር ዛፍ ተባለ?" ብሎ ጠየቀ።

"ከባሕር መጥቶ ነዋ!"

"ከየትኛው ባሕር?"

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። ወደ ሰሜን ምዕራብ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ከጣና ይሆናላ። ሌላ ምን ባሕር አለን?" አሉ።

በዚህ ላይ የሳቀ አልነበረም። እውነትም ሌላ ምን ባሕር አለን? ደብረ ማርቆስና አካባቢው ተወልዶ ጨው ውኃ ሳያይ የሞተ ሰው ቁጥሩ ስንት ይሆን? ባሕር ላላየ ደገኛ ባሕር ማለት ጣና ነው፤ ከተማይቱም ባሕር ዳር ነች። ታዲያ በጓሮ የበቀለ፣ ጎጆ የተሠራበት፣ ምጣድ የሚያግል እንጨት ምን ቢሆን ነው የባሕር የተባለው? ጎማው እስኪሠራ ወሬያችን ይኼው ሆነ። ቤት ከገባን በኋላም አለቀቀን።

ዛፉ አውስትራሊያዊ ነው። ወደ 700 የሚጠጉ ዘመዶች ያሉት ትልቅ ቤተሰብ ሲሆን፣ የእኛ አገር ሰው በደንብ የሚያውቀው ሁለቱን ነው። ደጋ የሚወደው ነጭ ባሕር ዛፍ እና ቆላ ቀመስ የሆነው ቀይ ባሕር ዛፍ። አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ የንጉሡ አማካሪ ፈረንሳዊ እንዳስመጣው ይነገራል። ምክንያቱ ማገዶ ነበር። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ዙሪያዋ ያለው ጫካ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ በ1890ዎቹ ምኒልክ ከተማቸውን ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከዚያ ቀደም ማገዶ ባለቀ ቁጥር ከተማ ነቅሎ መሄድ የነገሥታቱ ልማድ ነበርና ነገሩ ብርቅ አልነበረም። ግን ይኼ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ቶሎ አደገ። ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ አቆጠቆጠ፣ ቅጠሉን ከብት አልበላውም። ምኒልክ ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ ለአዲስ ዓለም ታስቦ የነበረው ግቢ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ያለችው ከሌላው ሌላው ተጨምሮ በባሕር ዛፍ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

(በቅንፍ፦ ወቀሳውም አዲስ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ባሕር ዛፉ በከፊል ተነቅሎ የሐር ትል በሚመገበው ዛፍ እንዲተካ አዋጅ ወጥቶ እንደነበር ተጽፏል። ሕዝቡ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። "ያደርቃል፣ ይነቀል" የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው፤ አጣናው ግን ይኼው ተቀምጠንበት ነበር።)

ወደ ስሙ እንመለስ። ልብ በሉ፤ "የአውስትራሊያ ዛፍ" አልተባለም። "የፈረንሳይ ዛፍ" አልተባለም። "የሞንዶን ዛፍ"ም አልተባለም። ባሕር ዛፍ ተባለ። ባሕር እዚህ ላይ ውኃ አይደለም፣ በር ነው። ደገኛው ዕቃው የተሠራበትን ወይም የበቀለበትን አገር አልጠየቀም፤ በየት በኩል ገባ ብሎ ነው የጠየቀው። መልሱ ከምጽዋም ይሁን ከዘይላ፣ ከታጁራም ይሁን ከጅቡቲ ያው አንድ ነው፦ በባሕር።

ይኼ የአንድ ዛፍ ስም ብቻ ቢሆን እናልፈው ነበር። ግን አያቶቻችን ቃሉን እንደ ማኅተም ይጠቀሙበት ኖሯል። በቆሎን ውሰዱ። ዛሬ ምዕራብ ጎጃም ሜዳው ሁሉ በቆሎ ነው፤ ከዓለም መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ የነበረ ይመስላል። ይሁንና በቆሎ የአሜሪካ እህል ነው፣ ኮሎምቦስ ውቅያኖሱን ከማቋረጡ በፊት ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው አያውቀውም። የድሮ ሰዎች ታዲያ "ባሕር ማሽላ" ይሉት ነበር። ማሽላን ያውቃሉ፤ ይኼም ማሽላ ይመስላል፤ በባሕር ገባ፤ አለቀ። ትግርኛውም "ማሽላ ባሕሪ" ይላል። ከሜክሲኮ የመጣውን፣ እኛ በለስ የምንለውን ደግሞ "ቁልቋል ባሕሪ" ይለዋል። እንግዳው ሁሉ በአገሬው ዘመድ ስም ይጠራና በስተኋላው "ባሕር" ይለጠፍበታል። ለመጽሐፍ ድጉሰትና ለኮርቻ የሚሆነው ቀይ ለስላሳ ቆዳም "ባሕር አረብ" ነው፤ በሩም ነጋዴውም በአንድ ስም ተጠቅልለው።

በሩ ራሱ ሹም ነበረው። ባሕር ነጋሽ የሚባለው የሰሜኑ ገዢ የባሕሩን አፍ ይጠብቅ ነበር። በ1533 ዓ.ም. የክሪስቶቮ ዳ ጋማ ፖርቱጋሎች ምጽዋ ወርደው ወደ ደጋ ሲወጡ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ናቸው የተቀበሏቸው። ነፍጥም፣ ጨርቅም፣ ቄስም፣ የእህል ዘርም በዚያ አፍ በኩል ነው የሚገባው። እዚያ ያልቆመ ደገኛ የሚያየው የተረፈውን ነው፣ ዕቃውን ብቻ።

ዓባይን ተሻግረን ደግሞ ጎረቤቶቻችንን እናዳምጥ። አፋን ኦሮሞ ባሕር ዛፍን "ባርጋሞ" ይለዋል። "ጋማ" ማዶ ነው። ባሕር ማዶ ማለት ነው እንግዲህ፤ ያው በር፣ ያው ማኅተም። ትግርኛ ብቻውን ከዚህ ዛፍ ጋር ቀልድ አላወቀም፣ የፈረንጁን ስም ይዞ "ቀላሚጦስ" ብሎታል።

እኛን ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩን። ጣሊያኖች በቆሎን "የቱርክ እህል" ይሉታል፤ የበቆሎ መነሻ አገር ግን ቱርክ አይደለችም። እንግሊዞች አሜሪካዊውን ትልቅ ወፍ በቱርክ አገር ስም ይጠሩታል፤ ቱርኮች ደግሞ "የህንድ" ይሉታል። ፖርቱጋሎች "ፔሩ" ብለውት አረፉ። ሁሉም የነጋዴውን ወይም የበሩን ስም ነው የለጠፈው። ሊቃውንቱም ከዚህ አላመለጡም። ደብረ ማርቆስም ሆነ አዲስ አበባ በየግቢው አጥሩ የሆነውን የፈረንጅ ጽድ ታውቁታላችሁ። በላቲን የተሰጠው የሳይንስ ስሙ "የፖርቱጋል ጽድ" ማለት ነው። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ ስም አውጪው ያየው ግን ፖርቱጋል ውስጥ የተተከለውን ነበር። የሽማግሌው "ከጣና ይሆናላ" ከዚህ በምን ይለያል?

ፖርቱጋል ካልን አይቀር ብርቱካን አለች። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ዐረቦቹም ያገኙት ከዚያችው ፖርቱጋል ከምትባል አገር ስም ነው። ጣፋጩን ብርቱካን ለሜዲትራንያን ሰው ያስተዋወቁት ፖርቱጋሎች ስለሆኑ ቱርኩም፣ ፋርሱም፣ ግሪኩም ፍሬውን በነሱ ስም ጠራው። ፍሬው ግን ከወደ ቻይና ነው፤ ሆላንዶች ይኼን አስታውሰው "የቻይና ፖም" ይሉታል። ስለዚህ ብርቱካን የምትባል ጓደኛ ያላችሁ ሰዎች በአንድ ስም ሁለት አገር ስትጠሩ ኖራችኋል። ንገሯት፣ ደስ ይላታል።

ከሁሉም የገረመን ግን ሲኒ ነው። ቡና የኛ፣ ጀበና የኛ፣ ረከቦት የኛ፣ ሲኒ... "ሲኒ" በዐረብኛ "ቻይናዊ" ማለት ነው። ሸክላው ከቻይና በዐረብ ነጋዴ እጅ ይመጣ ስለነበር ዕቃው በአገሩ ስም ተጠራ፣ ለኛም በዚያው ስሙ ደረሰን። ያኔ "የቻይና" ማለት ስስ፣ ውድ፣ በጥንቃቄ የሚያዝ ነበር። ዛሬ መርካቶ ገብታችሁ "ይሄ ቻይና ነው" ሲባል ሰምታችሁ ዋጋ ያልቀነሳችሁ እጃችሁን አውጡ። ያው አገር፣ ያው ቃል፣ አንዴ በላቲንም በዐረብም የከበረ፣ አንዴ ለስድብ የዋለ። የዕቃ ስም የሚያሳየው ዕቃውን ሳይሆን የያዘውን ሰው ዓይን ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ከዚያ "የፈረንጅ" መጣ። ቃሉ ራሱ ሽማግሌ ነው። በጥንት ዘመን ምዕራብ አውሮፓ ይገዙ ከነበሩት ፍራንኮች ስም በዐረቦች በኩል ዞሮ የመጣ፣ ግእዙም "አፍርንጅ" ብሎ የሚያውቀው። በዚያው መንገድ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ታይላንድ ደርሷል፤ ነጭ ቱሪስት ባንኮክ ላይ "ፋራንግ" ሲባል አዲስ አበባ ላይ "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" ከሚሉት ልጆች ጋር አንድ ቃል ነው የሚጠራው። የዕቃ ቅጽል ሆኖ የበረታው ግን በኋለኛው ዘመን ይመስለናል። የፈረንጅ ላም፣ የፈረንጅ ዶሮ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ የፈረንጅ ሱፍ (ዘይት የሚጨመቅበት፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ የሚያዞረው)።

በሁለቱ ቃላት መካከል ልዩነት አለ ብለን እናምናለን። ባሕር ዛፍ አምበር ሲደርስ ሞንዶን ቪዳዬ አብሮት አልመጣም። ችግኙ ብቻ፣ ከእጅ ወደ እጅ። የፈረንጅ ዶሮ ግን ከ1940ዎቹ ወዲህ ከእርሻ ትምህርት ቤቱ፣ ከባለሙያው፣ ከመኖው፣ ከክትባቱ ጋር ነው የመጣችው። ባለቤቷ አብሯት አለ። ስለዚህ ባሕር የተባለው ዕቃ ቶሎ የኛ ሆነ፤ ፈረንጅ የተባለው ግን የሰው ዕቃ እንደሆነ ቀረ። ዛሬ ገበያ ላይ የፈረንጅ እንቁላልና የሐበሻ እንቁላል ዋጋቸው አይገናኝም። ከሁለት ትውልድ በኋላም ያቺ ዶሮ ፈረንጅ ነች።

እንግዳው ሲገባ ደግሞ አንድ የማናስተውለው ነገር ይሆናል፦ ባለቤቱ ተጨማሪ ስም ያስፈልገዋል። ዱሮ ዶሮ ዶሮ ነበረች። የፈረንጇ ስትመጣ "የሐበሻ ዶሮ" ሆነች። ጽድ ጽድ ነበር፣ "የሐበሻ ጽድ" ሆነ። ልብስ፣ መድኃኒት፣ ጎመን፣ አረቄ ሁሉ "የሐበሻ" እየተባሉ መታወቂያ አወጡ። (አረቄ የዐረብኛ ቃል መሆኑን ለጎጃም ሰው የምንነግረው ከሩቅ ሆነን ነው።) የሐበሻ መድኃኒት ስንል ደግሞ ምን እንደሆነ አስቡ። ጉንፋን ሲይዘን እናታችን የምታጥነን ምን ነበር? የባሕር ዛፍ ቅጠል! በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ስንቱ ሰፈር ብርድ ልብስ ተከናንቦ በአውስትራሊያ ቅጠል "ባህላዊ ሕክምና" እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ።

የድንች ታሪክ ደግሞ ያሳዝናል። ከአሜሪካ አንዲስ ተራሮች የመጣውን ድንች አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው፣ በ1851 ዓ.ም. ገደማ። እዚህ ግን ከሱ በፊት የራሳችን ድንች ነበረን፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚቀቀል፣ የዚህችው አገር ተክል። ዛሬ "ድንች" ብላችሁ ስትገዙ የምትሸከሙት የጀርመኑን ነው። የኛው "የአገው ድንች"፣ "የወላይታ ድንች"፣ "የኦሮሞ ድንች" እየተባለ በሰፈሩ ስም ካልተጠራ የሚያውቀው የለም። እንግዳው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ወርሶ፣ ባለቤቱ "አንተ ደግሞ የማን ነህ?" ይባላል። "ባሕር ድንች" የሚለው ያጣ ይመስል! እዚህ ላይ አያቶቻችን ማኅተሙን መምታት ረሱ እንላለን።

አሁን ያለነው በሦስተኛው ቃል ዘመን ላይ ነው። ቃሉ አምበር ላይ ጓደኛችን የተጠቀመበት ነው፦ "መጤ"። መጽሐፍና ስብሰባ ያመጣው ነው፤ "መጤ ዝርያ"፣ "መጤ አረም"። ጉዳቱ የለም አንልም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን የወረረው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ዓሣ አጥማጁን ጀልባውን አስሮበታል፣ ገበሬው በእጁ ሲነቅለው ከርሟል። ያን አረም በክብር ባሕር ምንትስ እንበለው የሚል የለም። (ከጣና መጣ ለሚለው ሽማግሌ ግን ይኼኛው እውነትም የባሕር ነበር።)

ግን ቃሉን ከነቃናው ስሙት። "ባሕር" በዚህ ገባ ይላል። "ፈረንጅ" የእገሌ ነው ይላል። "መጤ" ውጣ ነው የሚለው። እዚያው ላይ ቢቆምም ጥሩ፤ ግን አልቆመም፣ ከአረም ወደ ሰው ተሻገረ። እምቦጭ ጣና ላይ በታየበት በ2004 ዓ.ም. ደቡብ ውስጥ ከጉራፈርዳ ብዙ ሺሕ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ተፈናቀሉ። ጎጃም ምን እንደተሰማው የጎጃም ልጆች ያውቁታል። ከዚያ ወዲህም ቃሉን በየክልሉ፣ በየቋንቋው፣ በዚህም ወገን በዚያም ወገን ሰምተነዋል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴም ከራሳችን አፍ። ማን መቼ መጣ፣ ማን ነባር ነው፣ ስንት ዓመት ቢኖር ነው ሰው ቅጽል የሚወልቅለት? ባሕር ዛፍ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም በስብሰባ ቋንቋ መጤ ነው። በቆሎ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ባሕሩ ወልቆለታል። ድንች ከመቶ ሃምሳ ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው፣ ባለቤቱን አስወጥቶ ተቀምጧል። መለኪያው ዓመት አለመሆኑ ግልጽ ነው።

አምበር ላይ ጎማችን ከተሠራ በኋላ ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ አንድ አይሱዙ መጥቶ ከአጣናው አጠገብ ቆመ። ወጣቶች ዘለው ወርደው መጫን ጀመሩ። እኛም ከመቀመጫችን ተነሣን፤ የተቀመጥንበት ተሽጧል። አገር በቀሉ ጓደኛችን ይቅርታ የመጠየቅ ያህል ለስለስ ብሎ፣ "አባባ፣ ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው?" አላቸው።

"በመተማ አድርጎ ሱዳን ይሻገራል ይላሉ።"

"እዚያስ ምን ይሉት ይሆን?"

ሽማግሌው ብራቸውን እየቆጠሩ ስለነበር ቀና አላሉም። "እንግዲህ ከኛ አይደል የሚገዙት?" አሉ። "የሐበሻ ዛፍ ይሉታላ!"